ያልተፈረመባቸው ሰባ አንድ ወረቀቶች

ቶርኔ ሸለቆ፣ ማርች 3 ቀን 1955

ውድ ልጄ ሎርና፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሲያትል ዝናብ አላባራም ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንቢ ብሎኛል። ላሞቹም ደህና ናቸው።

በሬዲዮ ሳትሰሚው አትቀሪም፤ ድጋሚ ቆጠራው አለቀና ግድቡን የሚቃወመው ሰውዬአችን ሃልቮርሰን በሃምሳ ስምንት ድምፅ ተሸነፈ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ በሃምሳ ስምንት! አዲሱ አገረ ገዥ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ግድቡ ይሠራ ብሎ አዘዘ። ለከርሞ እርሻችንን ውሃ ይውጠዋል። የእናትሽንም አጽም አውጥተን ወደ ኮረብታው እንወስዳለን ይላሉ። ምን አቅም አለኝ ልጄ?

ከኛ ምርጫ ጣቢያ ሰባ አንድ የድምፅ ወረቀት ፊርማ የለበትም ተብሎ ውድቅ ሆኗል። ስልሳ ስምንቱ የሃልቮርሰን ነበሩ። ሕጉ ወረቀቱ ለመራጩ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱ አስመራጮች ከጀርባው ይፈርሙበት ይላል። አስመራጮቹ እኔና አሮጊቷ አግነስ ክቫሌ ነበርን። እስከ ምሳ ሰዓት እየፈረምን ሰጠን። ከዚያ አግነስ እንደ ልማዷ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሚያዘጋጁትን የምርጫ ቀን ምሳ ልታቀርብ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሰልፉ ደጅ ድረስ ወጥቷል። ቆይ፣ ወረቀቱ ይፈረምበት ብለው ያ ጎረቤታችን ኤሚል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ኧረ ኦርቪል! ሚዜህ የነበርኩትን ሰውዬ ዛሬ ልትመረምረኝ ነው? ስጠኝና ልሂድ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ደግሞም አፈርኩ። አብሮኝ ያረጀን ሰው ሌባ ነህ ያልኩት መሰለኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩና ሳይፈረምበት አደልኩ።

ለድጋሚ ቆጠራው ጠበቆች መጥተው «ያልተፈረመበትን ወረቀት ያደለው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አግነስ ቀድማ ተነሳች። «ቦታዬን ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያደልኩት እኔ ነኝ አላልኩም፣ ልጄ።

አሁን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኗ የሚቀመጥ የለም። ኤሚል እንኳ «ለድንች ብላ አሰጠመችን» እያለ ያማታል።

ከቻልሽ በጋው ሳያልፍ ነይ፣ የእናትሽን መቃብር በቦታው ሳለ እዪው። ልጆቹን ሳሚልኝ። በምትሄጂበት ሁሉ እግዚአብሔር ይቅደምልሽ።

ለአግነስም ሁለት መስመር ብትጽፊላት ደግ ነው። ማንም አያናግራትም። እኔም ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

አባትሽ ኦርቪል