ጥቁር ለብሼ የሮጥኩ ሰሞን

ሰኞ፣ ሚካኤል

«ሩጫ ይቀርሻል» አለችኝ የኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ የምትሠራው ልጅ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳትል።

የአካውንቲንጉን ሁሉ ጨርሻለሁ። ከአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ግን አንዱ ባዶ ነው፤ አካል ብቃት። ያኔ ባሌ በቀለ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር የሜዳው ፈተና አመለጠኝ። ከዚያ ቀበርኩት፤ ፈተናውን ረሳሁት። ኮምፒውተሩ አልረሳም። ለመውጫ ፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ስም በሚቀጥለው ሳምንት ይላካል። ይቺ ባዶ ቦታ ካልተሞላች የኔ ስም አይሄድም። ለከርሞ ከአዲስ ገቢዎቹ ጋር እንደገና።

ለከርሞ የሚለውን ቃል ጉልበቴ አይችለውም። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካርድ እፈልጋለሁ። ዲግሪው ከመጣ ሒሳብ ክፍል እዛወራለሁ። ሰው ትልቅ ምኞት ያለኝ ይመስለዋል። የምፈልገው ወንበር ነው።

«ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ሩጫ ምን ያደርጋል?» ልላት ነበር። አላልኩም። ልጆቹ በሎጂክ፣ በጂኦግራፊ፣ በአንትሮፖሎጂ «ምን ይሠራልናል» እያሉ ሲያጉረመርሙ ዝም የምለው እኔ ነበርኩ። እኔ የጋራ ኮርሶቹን ወድጃቸው ነበር። ትምህርት ያቋረጥኩት በልጅነቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ስኳርና ምስር የተጠቀለለበትን ወረቀት ነው። ግማሽ ዜና፣ ግማሽ የከብት መኖ ምክር፣ መጨረሻው የተቀደደ ታሪክ። የኮሌጁ አንደኛ ዓመት የነዚያ ወረቀቶች ቀሪ መስሎኝ ነበር። ሩጫ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም።

ማክሰኞ

ለስፖርት መምህሩ ደወልኩ። ልጅ እግር ነው፣ ትሁት። «ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ እናቴ። የተባለውን ያህል ሜዳውን መዞር ነው። በዝግታም ቢሆን ችግር የለም። መቆምና መራመድ ግን የለም። የስፖርት ልብስ ይልበሱ።»

የስፖርት ልብስ!

የምኖረው ከእማማ ጫልቱ ጋር ነው፣ ከበቀለ እናት። ሁለታችንም ከራስ እስከ እግር ጥቁር ነን። ዓመቱ ካለፈ ሰነበተ፤ የበቀለ እህቶች እንኳን ከል አውልቀዋል። እኔን ግን «በቃሽ» ያለኝ የለም። ከል በራስ እጅ አይወለቅም፤ ታላቅ ነው የሚያስወልቅ። የኔ ታላቅ ደግሞ እሳቸው ናቸው። አላሉም፣ አልጠየቅኩም። ልጃቸው ነው።

ስለ ሩጫውም አልነገርኳቸው።

ለሀያት ደወልኩ፤ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት። «ማዘር፣ እኔስ በሂጃብ አይደል የሮጥኩት? ከሥር ሱሪ፣ ከላይ ቀሚስ፣ አለቀ። ስኒከሬን እልክልሻለሁ። ደግሞ በጠዋት ማን ያይሻል?»

ሱሉልታ ውስጥ፣ በጠዋት፣ ማን ያየኛል። ገና ጎህ ሳይቀድ ሯጮቹ በደጃችን እንደ ሚዳቋ ያልፋሉ። እኔ ሁልጊዜ ዳር ይዤ ነው የማሳልፋቸው።

ረቡዕ

ሞከርኩ። ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ በጉም ውስጥ። ስኒከሩ ቀይ ነው፣ ይጠበኛል። ቀሚሱ እግሬ መሀል ይገባል። ሳንባዬ የኔ አይመስልም። አንዲት ሯጭ ልጅ ከጉሙ ወጥታ «ጃባዱ እማማ!» አለችኝ፤ በርቺ ማለቷ ነው። ተመልሳ ጉሙ ውስጥ ገባች። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ለእማማ ጫልቱ ወፍጮ ቤት ነበርኩ አልኳቸው። ዱቄት አልያዝኩም። ባዶ እጄን አዩ።

ሐሙስ፣ ቂርቆስ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሊት ስለዘነበ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ጭቃ ነበር። አስፋልቱን ይዤ ሮጥኩ። ወደ ቤት ስመለስ እትዬ አሰገደች ወተት ልትገዛ ወጥታለች። የእድራችን ሴቶች ሰብሳቢ ናት። ምን አየች? ጥቁር የለበሰች ሴት፣ በማለዳ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ እያለከለከች ወደ ቤቷ ስትሮጥ። ማን ቢያይ ሌላ ምን ያስባል?

«እማማ ጫልቱ! ወይኔ እናቴ እማማ ጫልቱ!» ብላ ጮኸች።

አይደለም ልላት ዞርኩ። ትንፋሽ የለኝም። እጄን አወራጨሁ። እሱ ጭራሽ አባሰው፤ ደረቷን መታች። በሮች ተከፈቱ። ደጃችን ስደርስ ከኋላዬ የሰፈሩ ሰው ግማሽ እያለቀሰ ነው። አንዱ «ጡሩምባ ነፊውን ጥሩት!» ይላል። ኦቦ ገመቹ የእድሩን ድንኳን መጋዘን ቁልፍ ይዘው ደርሰዋል።

በሩ ተከፈተ። እማማ ጫልቱ ቢላዋና ግማሹ የተላጠ ድንች ይዘው ወጡ።

«ማነው የሞተው?» አሉ። «ማነው እኮ? ነጠላዬን ልደርብ እንጂ!»

አሰገደች እግራቸው ላይ ወደቀች። «እርስዎ!»

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ገመቹ ናቸው። «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል!» ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ከእማማ ጫልቱና ከእኔ በስተቀር።

አሰገደች እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። «ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትሮጪው?»

«ለፈተና ነው። የኮሌጅ።»

«ሩጫ? በከል?»

እማማ ጫልቱ ቀዩን ስኒከር አዩት። ድንቻቸውን ይዘው ገቡ።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ከትናንት ጀምሮ አላናገሩኝም። ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፣ ተመለሱ፣ ደጅ ተቀመጡ።

ጤና ጣቢያው ሁሉ ሰምቷል። ካርድ ሊያወጣ የመጣ ሰው ሳይቀር ጫማዬን ያያል። አሰገደች «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ስፖርተኛ ሆነች» ብላለች አሉ። እውነት ለመናገር የከፋኝ እሱ አይደለም። በሕይወት ላሉ እናት ሰፈር ማስለቀሴ ነው። ልጃቸውን ቀብረው በተቀመጡበት ደጅ።

ለሀያት ትቼዋለሁ አልኳት። «ማዘር፣ ሙድ አትያዢ» ብላ ሳቀች። እየቀለድኩ አልነበረም።

እራት ላይ እማማ ጫልቱ ከሳህኑ ቀና ሳይሉ፣

«ፈተናው የት ነው?»

«ትቼዋለሁ እማማ።»

«የት ነው አልኩሽ።»

ነገርኳቸው። ሳህኑን አነሳሁ።

ቅዳሜ

ስነቃ ለብሰው ደጅ ቆመዋል። ከራስ እስከ እግር ጥቁር፣ ምርኩዛቸውን ይዘው። «ባጃጅ ጥሪ» አሉኝ።

ሜዳው መንገድ ዳር ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ስለሆነ ሰው አይቋረጥም። እማማ ጫልቱ ከሁሉም ቦታ መርጠው ወደ መንገዱ የቀረበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው በደንብ በሚያያቸው ቦታ። ለምን እንደመጡ ያኔ ገባኝ። በበቀለ ነገር ሊወቅሰኝ የሚችል ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከላቸውን ለብሰው እዚያ ከተቀመጡ ሌላው ምን አፍ አለው?

መምህሩ ቀሚሴን አየ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን አየ፣ ስለ ስፖርት ልብስ ሳያነሳ ፊሽካውን ነፋ።

እንደኔ ፈተናው ያመለጣቸው ልጆች ጥለውኝ ሄዱ። ጨርሰው ውሃ እየጠጡ ነው፣ እኔ ገና እዞራለሁ። ልታበረታታኝ የመጣችው ሀያት ጎኔ እየተራመደች ታወራኛለች። እሷ እየተራመደች፣ እኔ እየሮጥኩ፣ እኩል ነን። አሁን ልቆም ነው፣ አሁን። በድንጋዩ በኩል ባለፍኩ ቁጥር «ሱታ! ሱታ!» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ነው። ከዚህ በላይ ቀስ ማለት መቆም እንደሆነ የሚነግራቸው የለም።

አሰገደች ዘንቢል ይዛ ስታልፍ አየኋት። ቆመች። «እማማ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ሩጫ አያለሁ። ወይ ተቀመጪ ወይ እለፊ፤ ጋረድሽኝ።»

አለፈች።

ጨረስኩ። ሣሩ ላይ ወደቅኩ። መምህሩ እስክሪብቶውን እያሻሸ ቆየና ወደ ድንጋዩ ዞረ። «እማማ፣ ይሄ ሩጫ ነው ይላሉ?»

«እንጃ ልጄ። አልቆመችም ግን።»

የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየም። «ሰኞ ሬጅስትራር ይጠይቁ» አለ።

ባጃጅ ውስጥ እማማ ጫልቱ፣ «ዶሮ ስታባርሪ ከዚህ ትፈጥኛለሽ» አሉኝ።

እሁድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። እግሬ አይታጠፍም፣ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። አልፌ ይሆን? አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እላለሁ። ባላልፍስ፤ እንደገና ለከርሞ? ደክሞኛል። ነገ ግን እጠይቃለሁ።

እማማ ጫልቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ።

«የምርቃቱ ካባ ጥቁር ነው አሉ።»

«አዎ እማማ። ካለፍኩ።»

«ካለፍሽ አላልኩም። ጥቁር በጥቁር ላይ አይደረብም። ከሥር የምትለብሺው ሌላ ቀለም ፈልጊ።»

መልሴን አልጠበቁም። ጓዳ ሲገቡ ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ፤ በቀለ ከሞተ ወዲህ ያልተከፈተው፣ የቀለም ልብሶቼ ያሉበት ሣጥን።