በእርሳስ የቀረው መስመር

ወንድማችን የሒሳብ መምህሩ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው በአባታቸው ሱቅ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም በጣታቸው እየነካኩ እስኪረጋጋ ስለሚጠብቁ ብዙ ጊዜ ጆሯቸውን ተቆንጥጠዋል።

በ1965 ዓ.ም. ዲግሪያቸውን ተቀብለው በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእንቅስቃሴ መረጋጋት ጥናት ነበር፦ መንገዱን ይዞ የሚሄድ ነገር በትንሹ ቢነካ እየራቀ ይሄዳል፣ እዚያው አካባቢ ይቆያል ወይስ ወደ መንገዱ ይመለሳል? «አለመራቅ መመለስ አይደለም» እያሉ ተማሪዎቻቸውን ያሰለቹ ነበር። በደብተራቸው ላይ የተረጋገጠውን በእስክሪብቶ፣ ገና የሚገምቱትን በእርሳስ ይጽፉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ሚዜያቸው አንድ ቢሮ የሚጋሩት ባልደረባቸው ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልፋታቸውን የያዘውን ደብተር «እስቲ ስህተት ፈልግልኝ» ብለው ለእኚሁ ሚዜያቸው ሰጡ። ሚዜያቸውም ፎቶ ኮፒ አድርገው በራሳቸው ስም አሳተሙት። በፎቶ ኮፒ ላይ ግን እርሳስና እስክሪብቶ አይለዩም፤ «ይመለሳል» የሚለው የእርሳስ ግምት እንደ ተረጋገጠ ሕግ ታተመ። ስህተቱ ሲጋለጥ እኚሁ ሰው መፍትሔ ፍለጋ ቤታችን መጡ። ወንድሜ አረሙላቸው። በእርማቱም ላይ የወንድሜ ስም የለም።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን ታናሽ እህታቸውን ዛሬም ያንገበግበኛል። «ጋሼ፣ እንዴት ዝም ትላለህ?» ብላቸው «ራሱ ይናገራል፤ ጊዜ ስጪው» አሉኝ። ሰውየው ከቤታችን አልራቁም፤ ሠላሳ ዓመት በየእሁዱ እየመጡ ከወንድሜ ጋር ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ስለ ደብተሩ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ወንድማችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

በመጨረሻው ደብተራቸው ላይ «የሕይወት ታሪኬን ሚዜዬ ያንብበው» ብለው በእስክሪብቶ ጽፈዋል። ከሥሩ «ያን ጊዜ ይናገራል» የሚለው በእርሳስ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን መናወጥ በሌለበት ያሳርፍልን። ይህን እያነበቡልን ያሉት ሚዜያቸው ናቸው፤ ከዚህ በታች እኔ የጻፍኩት የለም።