ቆሜ የሳልኩት ምልክት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። ደህና ቀን ነበር... እስከ ከሰዓት። ከሰዓት የወደቀ መርፌ ላነሳ ጎንበስ ስል ከረጢቱ ከሆዴ ላይ ተላቀቀ። ደንበኛዬ አስተማሪዋ ፊት ለፊቴ ቆማለች። "ጋሼ፣ ምንድነው የሚሸተው?" አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ "የጎረቤት ፍሳሽ ነው" አልኩ። ምን ልበላት? ካንሰሩ ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ አንጀቴ በሆዴ በኩል ተከፍቶ በከረጢት ነው የምጸዳዳው ልበላት?

ከቀዳዳው ጎን ያበጠው ነገርም ባሰበት። ሸሚዜ ውስጥ ብርቱካን የደበቅኩ ነው የምመስለው። ከረጢቱ እብጠቱ ላይ አልጣበቅ እያለ ነው የሚያዋርደኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11
ሐኪም ቤት። ባለቤቴ እየጎተተች ወሰደችኝ ማለት ይቀላል። ቀዶ ሐኪሙ ሆዴን ጫን ጫን አደረገና "ሄርኒያ ነው" አለ። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ላልቶ ሌላው አንጀት በዚያ ሾልኮ ወጥቷል። ስፌቱ የተተረተረ ጨርቅ ማለት ነው... ይሄ ይገባኛል። "ታንቆ ቢቀር ሕይወትዎን ነው የሚያሳጣዎት" አለኝ። ክው አልኩ።

የአንጀቱን አፍ ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውሩታል። የድሮውን ቀዳዳ ሰፍተው ከውስጥ መረብ በመሰለ ጨርቅ ይደግፉታል። "አዲሱ ቦታ ካልተመቸ ግን ከረጢቱ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያፈስ ይኖራል" አለ። ይሄኛው ነው የባሰ ያስፈራኝ። ከሞት ይልቅ ሽታ መፍራት... ሞኝነት አይደል?

ባለቤቴ መንገድ ላይ፦ "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ምን ይለኛል ስትል ልታልቅ ነው።"

ሰኞ፣ የካቲት 23
ነገ ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት አልጋ ያዝኩ።

የከረጢቷ ሲስተር መጣች። እንደዚያ ነው የምጠራት፤ ሥራዋ እሱ ነው። አስተኛችኝ፣ አቆመችኝ፣ አስቀመጠችኝ። "ጋሼ፣ ስፌት ላይ እንደሚቀመጡት ይቀመጡ።" ተቀመጥኩ። እግሬ ሳላዘው ፔዳል መርገጥ ጀመረ... ሳቀች። ከዚያ ቀኝ ሆዴ ላይ በእስክሪብቶ ክብ አደረገችልኝ። "ነገ እዚህ ነው የሚከፍቱት። እንዳይጠፋ አደራ።"

አመሻሽ ላይ ገላዎን ይታጠቡ ተባልኩ። ታጠብኩ። እጄ... ይሄ የተረገመ እጅ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠመኔ ምልክት ያለበት ልብስ ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። እጄ ምልክት ካየ አያስችለውም፣ ያጠፋል። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ እሱ ግን ክቡን አግኝቶ ፈትጎ ፈትጎ... ዝቅ ብዬ ሳይ ሆዴ ንጹህ ነው።

ጉድ ፈላ!

ሲስተሯ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ለተረኛዋ ልንገራት? ምን ብዬ? ልብስ መስሎኝ ነው ብዬ? መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ፊት ቆሜ በእስክሪብቶ መልሼ ሳልኩት። ከእምብርት ይሄን ያህል፣ ከወገብ ይሄን ያህል... በዓይን ልኬት ተሳስቼ አላውቅም። ታዲያ ልቤን እንዲህ የሚያስደልቃት ምንድነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 24
ሊጠሩኝ ነው። ባለቤቴ መጣች። ነገርኳት። አፍጥጣ አየችኝ።

"ንገራቸው።"

"ልክ ነው እኮ!"

"ልክ ከሆነ ምን ያስፈራሃል? ንገራቸው።"

ቀዶ ሐኪሙ ገባ፣ ምልክቱን አየ፣ "ጥሩ ነው" ብሎ ወጣ። ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤቴ እጄን ለቀቀች።

ተጠራሁ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 28
አለሁ። እስክሪብቶ መያዝ የቻልኩት ገና ዛሬ ነው።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ብርድ ነበር። ሁሉም ተሸፋፍነዋል፣ ዓይን ብቻ። ማደንዘዣ ሰጪው "በደንብ ይተንፍሱ" ብሎ ጭምብሉን ወደ አፍንጫዬ አመጣው። ከተኛሁ በኋላ ማን ይናገርልኛል?

"ቆይ! ምልክቱን የሳልኩት እኔ ነኝ!"

"ምን አሉ?" አለ ቀዶ ሐኪሙ።

"የሲስተሯ በመታጠብ ጠፋብኝ። እኔ ነኝ መልሼ..."

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተሯን አስጠሩ። እያለከለከች ደረሰች። እዚያው ጠባብ አልጋ ላይ እርቃኔን ቁጭ አደረጉኝ። "ጎንበስ ይበሉ።" ጎንበስ አልኩ። የሳልኩት ክብ... የለም! ሆዴ ታጥፎ ውጦታል።

"አዩ ጋሼ? ቆመው ነው የሳሉት። እዚህ እጥፋት ውስጥ ከረጢት አንድ ቀን አይጣበቅልዎትም ነበር።"

ዕድሜ ልኬን ሰው አቁሜ ነው የምለካው፣ ታዲያ ምን ላድርግ! የኔን በአልኮል ጠርጋ ከፍ አድርጋ አዲስ ሳለች። እንባዬ መጣ። "አሁን ይተኙ!" አለችኝ ቆጣ ብላ።

ባለቤቴ ዛሬ "ተናገርክ?" አለችኝ። ተናገርኩ አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 6
ሳል መጣብኝ። ቁስሉ ሲወጋኝ እናቴን ነው የተጣራሁት። ባለቤቴ ደግሞ ታስቀኛለች... ተይኝ፣ ስፌቴን ልትተረትሪው ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15
ሱቅ ከፈትኩ። ከባድ ማንሳት ክልክል ነው። የጨርቅ ጥቅሉን ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው አነሳልኝ፣ እያጉረመረመ። ጠዋቱን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስል ቆየሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ነው ከረጢቱ ትዝ ያለኝ! ደንግጬ ዳበስኩት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ከሰዓት የታክሲ ሾፌሩ፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ሜትሬን ይዤ ተነሳሁ። ቀጥ ብሎ ቆመልኝ።

"ቁጭ በል" አልኩት።

"ሱሪ እኮ ነው የማሰፋው።"

"አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ አይደል የምትውለው? ቁጭ በል።"

"እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ቤት ምን አደረጉህ?" አለ እየሳቀ።

ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ ከረጢቱን አሳየሁት።