ደህና ነው ያለው ማነው?

ይድረስ ለልጄ ለኖላዊ፤ ሰላምታዬ ከመንደራችን ከዩለስ እስከ ኦሳካ ድረስ ይከተልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ መድኃኔ ዓለም ይመስገን።

የሰው ልጅ ሐኪም ሲሆን የእኔው የጃፓን ዘፈን ሊያጠና ባሕር ተሻገረ። «ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ አላምንም፤ የዘፈነውን ሰው ራሱን አግኝቼ እጠይቃለሁ» ትለኝ ነበር።

ትናንት እህትህ ስርጉት ሥራዋን ትታ መጣች። «አፕዴት ላድርግልሽ» ብላ ስልኬን ወሰደች፤ እስካሁን አልመለሰችውም።

«ኖላዊ ደወለ?» አልኳት።

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጓደኞቹ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ዛሬ በጠዋት ደግሞ የማኅበር ሰዎች ሳልጠራቸው ገብተው ተቀምጠዋል። ቀልደኛው ገብረመድኅን እንኳ አይቀልድም።

ፊደል በስተርጅና የቆጠርሁት ወሬ ሌላ ሰው እያለሰለሰ እንዳያነብልኝ ነው። ስለዚህ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፤ አንድ መስመር ይበቃኛል።

በሄድህበት ሁሉ መድኃኔ ዓለም ይቅደምህ።

እናትህ አይናዲስ