የተቀደደው ልቤ አይደለም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ እህቴ ለወይዘሮ አበባየሁ፣ ደብረ ብርሃን።

እትዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የኅዳር ውርጭ ዘንድሮስ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ባለቤትዎ ጋሼ ሙሉብርሃን እንደምን ናቸው? የማሙሽ ሳል ለቀቀው ወይ? ገብሱ ተሰበሰበ ወይስ እንዳምናው ውርጭ መታው? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ በየነችም ደህና ናት፤ ቡናው ቀልቶ ዝናቡ ግን አላቆም ብሎ፣ ያሰጣችውን እያነሣች መልሳ ስታሰጣ ትውላለች። ደህና ነን ስል እንደ እርስዎ ለሰላምታ ያህል አይደለም። ደህና መሆኔን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ፤ ደግሜ ሳነበው ተናደድኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በበግ ዋጋና በማሙሽ ሳል መካከል ሸጉጠው፣ «ግራ ጡቴ ላይ እንደ ሽምብራ ያለች ነገር ወጥታለች፤ አታመኝም፤ ጠበል ጀምሬአለሁ» ይላሉ። ቀጥለውም «ሐኪም ቤት ሂጂ እንዳትለኝ፤ ብረት የነካው ሰው እንደማይነሣ በአንተ አየሁ። ከቀደዱህ ወዲህ ተኝተህ ነው የምትውለው አሉ» ብለዋል። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ጠበሉን አልከለክልም፤ ተጠምቀው ይሂዱ።

አሁን እውነቱን ልንገርዎት። በመስከረም ደረቴን ታምሜ ተቀደድኩ ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ደረቴን ብቻ አይደለም፤ ጡቴን ነው። ቀኝ ጡቴን ነቀርሳ ይዞት ነበር። ሸሚዜ ላይ ትንሽ የደም ነጥብ አየሁ፤ በየነች አጥባ ሰጠችኝ፤ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሳ መጣች። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም በሺህ አንድ ወንድ ቢይዝ ነው አለኝ፤ ቀጥሎም ከዘመዶችህ ይህ ያገኘው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ እናታችን ትዝ አለችኝ። ነጠላዋን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ደራርባ ትለብስ አልነበር? ለማንም ሳትናገር ሞተች። ቁስሉን ያዩት እርስዎ ነዎት፣ ገላዋን ሲያጥቡ። እኔ ወንድ ስለሆንኩ አልገባሁም፤ የርስዎን ጩኸት ግን ከደጅ ሰምቻለሁ።

ይህን እያወቅሁ እኔም ያው የእናቴ ልጅ ሆንኩና፣ ወደ መቱ ስመለስ ለጠየቀኝ ሁሉ «ልቤን ነው» አልኩ። የጡት በሽታ የሴት ነው ብዬ፣ ተማሪ እንዳይሥቅብኝ ፈርቼ ነው። ቀኝ ደረቴ በፋሻ ተጠቅልሎ እያዩ፣ ልብ በግራ በኩል አይደለም ወይ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ጎረቤቴ ኩማ ግን ቃሌን አምኖ በሬ ላይ ዘብ ቆመ። ለካ ጠያቂውን ሁሉ «ልቡን ነው የቀደዱት፤ ክፉ ወሬ እንዳታሰሙት፣ ቀጥ ይልብናል» እያለ ነበር የሚያስገባው።

ወዳጄን ደበሳን ያስታውሱታል፤ እዚህ በመጡ ጊዜ ማር ይዞልዎት የመጣው፣ እሑድ እሑድ ከእኔ ጋር ሲከራከር የሚውለው። አገሩ ሁሉ ሲጠይቀኝ እሱ ቀረ። ኩማን ብጠይቀው «ቡና ሊያስለቅም ዳሪሙ ወርዷል» ይለኛል። ተናድጄ «እዚያው ሥር ሰዶ ቡና ሆነ ወይ በለው!» እላለሁ፤ ኩማም አንገቱን ደፍቶ «እነግረዋለሁ ጋሼ» ይላል። ስንት ጊዜ እንዲህ ብዬ እንደላክሁበት እግዜር ይወቀው።

አንድ ጠዋት በርትቼ ወደ ገበያ ስወጣ የደበሳን ባለቤት ዋሪቱን አየኋት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ስታየኝ ክው አለችና ከጨው ነጋዴው ሱቅ ኋላ ተሸሸገች። እትዬ፣ ሐዘንተኛዋ ከእኔ ተደበቀች፤ ጥቁሯን አይቶ ልቡ እንዳይቆም ብላ! ልከተላት ስል ደከመኝና ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ጊዜ እየሮጠች መጣች፤ «ያ ዋቃዮ! ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ልብዎን! ልብዎን ይያዙ!» ትላለች። «ልቤ ደህና ነው፤ የተቀደድኩት ጡቴን ነው» አልኳት። እንባዋ ባይኗ እንደሞላ አፍጥጣ አየችኝና «ወንድ ጡት አለው እንዴ?» አለች። «ሁለት ነበረኝ፤ አሁን አንድ ቀረኝ» ብላት፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ሣቀች። ሣቋ ሲያልቅ «ደበሳ ይህን ሰምቶ ቢሆን ዓመት ሙሉ ይሥቅብዎት ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም አለቀስን፤ ገበያተኛው ቆሞ አየን። ወዳጄ በጥቅምት ሞቶ፣ አፈር ሳላለብሰው፣ ቤቴ ተቀምጬ ስሰድበው ኖሬአለሁ።

ኩማን ጠርቼ «ለምን ዋሸኸኝ?» ብዬ ጮኽኩበት። ሰውዬው ምንም አልደነገጠም፤ «ጋሼ፣ ቀድሞ የዋሸው ማነው? ልብ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። በዚያው ረታኝ። መረታት እንደማልወድ እርስዎ ያውቃሉ።

ድካሙን በተመለከተ የሰሙት እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን እርስዎ እንደሰጡት አይደለም። ሲያርስ የዋለ ሰው ድካም ሲተኙበት ይለቃል፤ ይህኛው አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ ይነሣል። ጫማዬን አስሬ ቀና ስል የቀኑን ሥራ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ «ወራት ይቆያል፤ ሲመጣ አትታገለው፣ ሲለቅህ ግን ተኝተህ አትዋል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቤይሩት ድረስ ሄጄ የተማርኩት ሂሳብ እንጂ መታዘዝ አይደለምና፣ ድካሙን እንደ ሰነፍ ተማሪ ልቀጣው ተነሣሁ። በእግሬ እስከ ሶር ወንዝ ሄጄ መጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ። ተኝቶ ይውላል ያለዎት ሰው ያየኝ ያን ሳምንት መሆን አለበት።

አሁን ዘዴውን አውቄዋለሁ። ጉልበቴ ያለው ጠዋት ስለሆነ የማስተምረው ጠዋት ብቻ ነው። መምህር ተቀምጦ አያስተምርም እያልኩ ስንቱን ወጣት መምህር ያስመረርኩ ሰው፣ ዛሬ ረጅም በርጩማ አሠርቼ ተቀምጬ አስተምራለሁ። ቀኝ ክንዴ ሰሌዳው አናት ላይ አይደርስም ነበር፤ በደረሰበት እጽፋለሁ፣ ጽሑፌም ከሳምንት ሳምንት ከፍ እያለ ነው። ከምሳ በኋላ እተኛለሁ። ጠያቂ ሲመጣ ብድግ ማለት፣ ጋቢ እየሳቡ ደረት መሸፈን ቀርቷል፤ ሰው ቢመጣ በየነች «ተኝቷል» ትላለች፣ አበቃ። ትናንት ማታ ራት ላይ ከኩማ ጋር ተከራክሬ ረታሁት። ይህ የሚሞት ሰው ነገር ይመስልዎታል?

ስለዚህ እትዬ፣ ድካሜን ማስረጃ አድርገው አያምጡብኝ። ድካሙ የተረፈ ሰው ድካም ነው። እናታችን እኮ አልደከመችም፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ውኃ ስትቀዳ ነበር። ሽምብራ ያሏት ነገር ሳታምዎት ትታይ፤ ምንም ካልሆነች እሰየው፣ ያን ጊዜ በእኔ ይሣቁ። እኔ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቻለሁ፤ የእርስዎ መንገድ ግማሽ ቀን አይሞላም። ጋሼ ሙሉብርሃን እሺ አይሉም ብለው እንዳያመካኙ፣ ለእሳቸው ለብቻ ጽፌአለሁ።

በየነች እጅ ትነሣለች፤ በገዛ እጇ ያደረቀችውን ቡና ይዤልዎት እመጣለሁ። ኩማ «እህትዎን እንዳይቆጡ» ብሎ ሰላም ብሏል፤ እንደሚያዩት አልተሳካልኝም። ዋሪቱ ሳታይዎት ሰላም ብላለች፤ ወንድምዎ አንድ ጡት ቢቀረውም ምላሱ እንዳለ ነው ይበሉልኝ ብላለች። ጋሼ ሙሉብርሃንን ጉልበት ይሳሙልኝ። ማሙሽን በሁለቱም ጉንጩ ይሳሙልኝ፤ የማባዣ ሰንጠረዡንም ይጠይቁልኝ።

የአዲስ አበባው ሐኪም ለታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀጥሮኛል። ጠዋት በር ሳይከፈት እዚያ እገኛለሁ፤ እርስዎም ይገኛሉ። ወረፋው ረጅም፣ አግዳሚ ወንበሩም ጥቂት ነው። ከቀደሙኝ አጠገብዎ ቦታ ይያዙልኝ፤ ቆሜ መጠበቅ ገና ይደክመኛል።

ወንድምዎ ሸዋንግዛው
መቱ፣ ኅዳር 25 ቀን 1961 ዓ.ም.