ያለሰለስኸው ባሌስትራ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 10 ቀን 1972 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሙሀመድየሱፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ለእናት አገር ጥሪ በሾፌርነት ከሄድህ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ «ጠብቂ» ከማለት በቀር የሚነግረኝ የለም። ቤቱ ጭር ብሏል። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሽበት ቀን አለ።

የምጽፍልህ ስለ ላንድሮቨሩ ነው። ቆሞ ከሚበሰብስ ብዬ ልሸጠው ነበር። አንድ የመራዊ እህል ነጋዴ ሊገዛው ተስማማ፤ ግን «ጭነት እንዲችል ከሥሩ ያለው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ይጠንክርልኝ» አለ። ጋራዥ አስወሰድሁት። መካኒኩ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ከሥሩ ገብተው ብዙ ቆዩና ጠሩኝ።

«ዘይነት፣ ነይ እስቲ ጎንበስ በይ። ይኸን ማን ሠራው?»

«ሙሀመድየሱፍ ነው። ምን አበላሸ?»

«ምንም አላበላሸ። ባሌስትራ ብረቱ ሲደራረብ ጭነት ይችላል፤ ግን የመንገዱን ድንጋይ ሁሉ ለተቀማጩ ወገብ ያቀብላል። እሱ ከያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብረት አውጥቶ አለስልሶታል። ታዲያ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይዋልል ሻንሲውን፣ የመኪናውን አፅም፣ በአግድም ብረት በይዶ አጠንክሮታል። ሻንሲው ካልተጠማዘዘ መሪው ይታዘዛል።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ነጋዴ መኪናውን እንዲህ አያደርግም። ይኸ እህል ሳይሆን ሰው ሊጭንበት የሠራው ነው፤ ያውም የታመመ ሰው።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

ከመሄድህ በፊት በነበረው መጋቢት ከወረታ፣ ከእናቴ ቤት ስታመጣኝ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ሆዴን በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ አንተ «ትንሽ ቻይ፣ ደረስን» ትለኛለህ። ልጃችን ሞታ ተወለደች። ሐኪሙ በመንገዱ ምክንያት አይደለም ብለውን ነበር፤ አንተም እኔም አላመንናቸውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ከመኪናው ሥር አልወጣህም። እኔ ቤት ውስጥ ሳለቅስ የመዶሻህ ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ቀን ወጣሁና «ልጅህን ቀብረህ ብረት ትቀጠቅጣለህ? አንተስ ድንጋይ ነህ!» አልሁህ። ቀና ብለህ አየኸኝ፤ መልሰህ ገባህ። ምነው አንዲት ቃል በነገርኸኝ! እኔስ ምነው ያኔ ጎንበስ ብዬ ባየሁ!

መኪናውን አልሸጥሁትም። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጧት ጧት መንዳት አስተማሩኝ። ባለፈው ሐሙስ ብቻዬን ወረታ ደርሼ መጣሁ። ሴት ስትነዳ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ቆሞ ሲያየኝ ዋለ። ጉማራ ድልድይ አጠገብ ያለው ኮረኮንች ላይ መኪናው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ አለ እንጂ አላናጋኝም። ዳር ይዤ አቆምሁና አለቀስሁ። ከጎኔ ሰው አልነበረም።

አንድ ያልነገርሁህ ነገር አለ። የሄድህ ዕለት ጧት በሩ ላይ ቆመህ «ዘይነት፣ ልሄድ ነው» አልህ፤ ሦስት ጊዜ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዝም አልሁ። ተኝታለች ብለህ ነው መሰል፣ በሩ እንዳይጮህ ቀስ አድርገህ ዘግተህ ወጣህ።

አልተኛሁም ነበር። ሦስቱንም ሰምቼሃለሁ።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ።

ሚስትህ ዘይነት