አንዲት ታካሚ አይደለሽም

እምዬ፣ እንደምን አለሽልኝ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። እንዲህ ስልሽ የምትመልሺልኝን አውቀዋለሁ፤ በዚያ መልስ ደግሞ አንዴ ተታልያለሁ። ከተለየሽን እነሆ አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ወሬ አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። ዛሬ ግን ሐፍረቱን ንዴት በለጠውና ብዕር አነሳሁ።

የቤቱን ላስቀድምልሽ። አባባ ደህና ነው፤ ደህና ነው ስልሽ ለክቼ ነው። ሞላሌ ገበያ በመጣ ቁጥር ጤና ጣቢያ ጎትቼ አስገባውና ግፊቱን እለካዋለሁ። ክንዴን አንቃ ልትገለኝ ነው እያለ ለገበያተኛው ሁሉ ይከሰኛል፤ ክኒኑን ግን ሳያጓድል ይውጣል። ወንድሜ ጌታቸው አግብቷል። ሚስቱ ቁም ነገረኛ ናት፤ አንቺ ብትኖሪ ሁለት ቀን ታኮርፊያትና በሦስተኛው ትወጃት ነበር። የሣር ቤቱን አፍርሰን ቆርቆሮ መታንበት። ፈትለሽ ያስቀመጥሽው የበግ ጠጉርም ባና ሆኖ ተሠራ፤ አባባ ለብሶት ይተኛል፣ ለማንም አያውስም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በቀብርሽ ዕለት ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ቀኗ ደርሶ ነው ሲለኝ ዋለ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ቀንሽ አልነበረም እምዬ። ማንም ደፍሮ ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ።

ያን ጊዜ የመጨረሻ ዓመት የነርስ ተማሪ ነበርኩ። ለልምምድ እዚሁ ሞላሌ ተመድቤ ጋወን ከለበስኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። በገበያ ቀን መጣሽ። ያን ሁሉ መንገድ በእግርሽ መጥተሽ፣ ልጄ እዚህ ናት ሳትዪ ወረፋ ይዘሽ ተቀመጥሽ። ተራሽ ሲደርስ እንደቆምኩ፣ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ፣ ምን ሆነሽ ነው አልኩሽ። አንቺም “ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። ትንሽ ራሴን ነው፤ አንቺንም ልይሽ ብዬ ነው” አልሽኝ። እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነበር። ጋወኔን ልታዪ የመጣሽ መሰለኝና ደስ አለኝ። ካርድሽ ላይ ራስ ምታት ብዬ ጻፍኩ፤ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘሁሽ። የግፊት መለኪያው ከኋላዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አልተበላሸም፣ በሌላ ሰውም አልተያዘም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገብስ ስታጭጂ ወደቅሽ። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገዱ ሳያደርሱሽ አለፍሽ። ራስሽን ከክረምት ጀምሮ ሲፈልጥሽ እንደከረመ፣ ዓይንሽም ብዥ ይልብሽ እንደነበር አባባ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ አልደበቅሽኝም። የእኛ አገር ሰው ቆሞ ለሚጠይቀው ሕመሙን አይናገርም። አጠገቡ ቁጭ ብለው ስለ አዝመራው፣ ስለ በጎቹ ጠይቀው፣ እንደገና ወደ እሱ ሲመለሱ ነው የሚያወጣው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እቤት የማውቀውን ነገር ጋወን ስለብስ ረሳሁት።

ተመርቄ እዚያው ተቀጠርኩ፤ አሁን ለልምምድ የሚመጡትን ተማሪዎች ተቀብዬ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ክፉ ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጋወን አላስለብሳቸውም፤ ከታካሚው ጋር ወረፋ ላይ ይውላሉ። ከዚያ በኋላም ሳይቀመጡ፣ ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ፣ ግፊት ሳይለኩ ካርድ ላይ መጻፍ የለም። አንድ ከከተማ የመጣ ጎበዝ ልጅ፣ ታካሚው ራሱ ደህና ነኝ ካለ እኛ ምን እናድርግ ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ነው ታሪክሽን በስምሽ የነገርኳቸው። በማግስቱ ልጁ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጦ ስለ በግ ሲያወራ አገኘሁት። ስለ በግ አንድም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሴትዮዋ ግን ሳይጨርስ የጎናቸውን ውጋት ነግረውታል።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ቢሮ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ታሪኩ ከተማሪዎቹ አፍ ወጥቶ ገበያ እንደደረሰ፣ የጤና ጣቢያው ስም እንደሚጠፋ፣ ሰውም ሕክምና እንዳይሸሽ እንደሚሰጉ ነገሩኝ። ማስተማሩን አልከለከሉኝም። ብቻ አንዲት ታካሚ ነበረች ብለሽ ንገሪያቸው፣ የእናትሽንም የራስሽንም ስም አታንሺ፣ ካልሆነ ተማሪዎቹን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአፍታ ቀለለኝ። እሺ ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ። ከበሩ ተመለስኩና “ታካሚዋ ስም አላት፣ እኔም አለኝ” አልኳቸው። “ተማሪዎቹን መውሰድ ይችላሉ፤ እስኪወስዷቸው ድረስ ግን ስሟን እጠራለሁ።”

ስም የሌላት ታካሚ ማንንም አታስደነግጥም እምዬ። ተማሪው ደብተሩ ላይ ይጽፋትና ለፈተና አጥንቶ ይረሳታል።

አባባ ይህን ሰምቶ ራስሽን አታቃጥዪ፣ እሷ ድሮ ይቅር ብላሻለች አለኝ። እሱንማ አውቃለሁ። የጎረቤት በሬ ማሳሽን ሲግጥ እንኳ ምንም አይደል የምትዪ ሴት ነበርሽ። ለዚህኛው ግን ምንም አይደል እንዳትዪኝ። ይቅርታሽን አስቀምጪልኝ፤ ጡረታ ስወጣ እወስደዋለሁ። ዛሬ ከወሰድኩት እዘናጋለሁ።

ሰኞ አዲሶቹ ተማሪዎች ይገባሉ። ከቦታው የሚያነሳኝ ደብዳቤ ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም። ቢጻፍም እስኪፈረም፣ ማኅተም እስኪመታበት ረፋድ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ በጠዋት እገባለሁ። እናቴ አስካለ ትባላለች፣ ግፊቷን ያልለካሁት እኔ ልጇ ነኝ እላቸዋለሁ። እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ፣ ስምሽን ሳይሰማ የሰው ክንድ የሚይዝ ተማሪ አይኖርም።

ልጅሽ እታገኝ